የወንዳፈራሁ ለቅሶ

ጽዮን ከቦኖው ውኃ ቀድታ ስትመለስ እናቷ ለሌለ ሰው ሲያለቅሱ ሰማች። ጄሪካኑን ከደጃፉ አስቀምጣ ባለችበት ቆመች። ድምፃቸው ከፍ ያለ አልነበረም፤ ወይዘሮ ዘነቡ ባለፈው ሐሙስ በከተማው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ያስቀረጹትን ሙሾ፣ ዛሬ እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ከመተላለፉ በፊት፣ የጎደለ ቃል ይኖረው እንደሆነ ለራሳቸው እየመዘኑት ነበር። የሚያለቅሱለት ሰው ወንዳፈራሁ ይባላል። ወንዳፈራሁ ምሽግ ውስጥ የሚሞት ወታደር ነው፤ የተወለደውም የሞተውም መምህር አፈወርቅ በጻፉት የግማሽ ሰዓት የሬዲዮ ድራማ ውስጥ ነው። መቃብር የለውም፤ ልብሱን አቅፎ የሚቀመጥለት ዘመድም የለውም። የወይዘሮ ዘነቡ ልጅ አስቻለው ግን፣ የጽዮን ታላቅ ወንድም፣ በእውነት ከሞተ አንድ ወር ሊሞላው ነው፤ እስከዚህች ጠዋት ድረስም አንድ ሰው እንኳ ድምፁን አውጥቶ አላለቀሰለትም።

ነገሩን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቁት እናቱ ብቻ ናቸው። የአስቻለው የጦር ጓደኛ ለአጎቱ ለአቶ መኳንንት ስልክ የደወለው፣ ወይዘሮ ዘነቡ በነፃ ሕክምና ዘመቻ የዓይናቸውን ሞራ በተገፈፉ በአራተኛው ቀን ነበር። ሐኪሙ ለስድስት ሳምንት ጭስ እንዳይነካቸው፣ ሸክም እንዳያነሱ፣ ከሁሉም በላይ እንዳያለቅሱ አስጠንቅቆ ነበር። ሽማግሌዎቹ በአቶ መኳንንት ቤት ተሰብስበው መከሩ፤ ልጁ አንዴ ሄዷል፣ ዓይኗም አብሮ አይሂድ አሉ። መርዶው ለኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ለንጋት ተቀጠረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ወይዘሮ ዘነቡን ሲያገኝ ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ በግ ዋጋ ብቻ ያወራል፤ ጽዮን ደግሞ ቀን በምትሠራበት የፎቶ ኮፒ ቤት ማሽኑ ሲጮህ ጠብቃ ትተነፍሳለች።

«መጣሽ?» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ ከውስጥ። ጥቁሩን መነጽር እንዳደረጉ ከአጎዛው ላይ ተቀምጠው፣ ሰንበት ቢሆንም እጃቸው አላርፍ ብሎ፣ የበግ ጠጉር ይፈትሉ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በዳበሳ የፈተሉትን ክር አሁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ እያደረጉ ያዩታል፤ በማየታቸው እንደ ልጅ ይደሰታሉ። ከራስጌያቸው የአስቻለው የወታደር ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ዓይናቸው የተገለጠ ሰሞን መጀመሪያ አውርደው ያዩት እሱን ነበር፤ ባለፈው ፈቃድ ሲመጣ ጥላውን ብቻ ነበር ያዩት፤ አሁን አገጩ ላይ የማያውቁትን ጠባሳ አግኝተው ሲመጣ ሊጠይቁት ቀጠሮ ይዘዋል። «ለወንድም ጋሼ ንገሪው፤ ለሀስና ንገሪያት፤ ለአየለችም። ስምንት ሰዓት ላይ ሬዲዮ ይክፈቱ። ቲያትር መሆኑን አስረግጠሽ ንገሪያቸው፤ ድምፄን ያውቁታል፣ ሰው እንዳይደነግጥ።»

«እሺ፣ እማዬ።»

«የሬዲዮ ድንጋይም ግዢ። የገባበት አልቋል፤ ዜና አንባቢው ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስላል።»

ከቤት ስትወጣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም ነበር። ከጓሳ ተራራ በኩል የሚወርደው ነፋስ በየግቢው በተከመረው ገብስ ላይ እየተንሿሿ ያልፋል። አቶ መኳንንት ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው፣ በርኖሳቸውን እንደ ደረቡ በከዘራቸው ተደግፈው ከድንጋዩ ካብ ሥር ፀሐይ ይሞቁ ነበር። የእህታቸውን ልጅ ሲያዩ ግራ ቀኛቸውን ቃኙ፤ አንድ ወር ሊሞላ ነው እሷን ሲያናግሩ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

«እንዴት አደረች?»

«ደህና ናት።»

«ዓይኗስ?»

«ትናንት ራሷ መርፌ ላይ ክር አስገባች።»

«እሰይ። እንግዲህ አሥራ አምስት ቀን ነው የቀረን። የንስሐ አባቷም ቀኑን ይዘውታል። አንቺ ብቻ ፊትሽን አስተካክዪ፤ ፊትሽ እንዳያሳጣን።»

ጽዮን አፏን ከፈተች። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ሬዲዮ ትወጣለች፣ የምታለቅሰው ለወታደር ነው፣ ቲያትር ነው ማለት ነበረባት፤ ቃሉ ሁሉ በምላሷ ላይ ተሰናድቶ ነበር። ነገር ግን አጎቷ ይህን ቢሰሙ ያን ከዘራቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው እንደሚሄዱ ታውቃለች። «አጎቴ…» አለች፤ «ምነው?» ሲሏት፣ «ብርዱ በረታ» ብላ አለፈች።

የሀስና ሱቅ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ሀስና ከቆላው ከተማ አግብታ የመጣች፣ ጨውና ስኳር፣ ሻማና ሻሽ እየሸጠች ልጆች ያሳደገች ሴት ናት፤ ከሱቋ ደጃፍ የሚሰቀለው ድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮውን ለመንገደኛው ያሰማል። ጥንዱን የሬዲዮ ድንጋይ ሰባ ብር አለቻት፤ ባለፈው ወር አርባ አምስት ነበር። ጽዮን ዋጋውን አልተከራከረችም፤ ሀስናም አለመከራከሯን አይታ በባንኮኒው ላይ ወደ እሷ አዘነበለች።

«ወላሂ ጽዮንዬ፣ እናትሽን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። ትናንት መጥተው የአስቻለው ስልክ ለምን እንደማይጠራ ልጅሽን ናሲርን ጠይቂልኝ አሉኝ። ኔትወርክ ነው አልኳቸው። እሳቸውም፣ ‹ኔትወርኩን የሚሠራው ሰውዬም ዘምቷል እንዴ?› ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«ትንሽ ቀን ነው የቀረው፣ እትዬ ሀስና።»

«ድንጋዩስ? ዛሬ ምን ልትሰሙ ነው?»

«ዜና» አለች ጽዮን። ወደ ጎረቤታቸው ወደ አየለች ጭራሽ አልሄደችም። በጉድጓዳማው መንገድ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ ማን ሬዲዮ ይሰማል፣ ገበሬው ሰንበቴ ላይ ነው፣ ከተሜው ይተኛል እያለች ራሷን ታባብል ነበር። ያልነገረቻቸው ግን አጎቷን ፈርታ ብቻ አልነበረም። ያ ለቅሶ እንዲቀር አልፈለገችም። ይህንን ለራሷም ቢሆን ያመነችው ከግቢያቸው በር ስትደርስ ነው።

መምህር አፈወርቅ በዚህ ዓመት ከሌላ አውራጃ ተዛውረው የመጡ፣ የከተማውን ምሥጢር ማንም ያልነገራቸው ሰው ነበሩ። ድራማውን በኮምፒውተር የጻፈችላቸው ጽዮን ናት። ለምን እንደሆነ ሳይናገሩ እውነተኛ አልቃሽ ማን ናት ብለው ሲጠይቁ ሰው ሁሉ የወይዘሮ ዘነቡን ስም ጠራላቸው፤ ከዘመሮ እስከ ራቤል ወይዘሮ ዘነቡ ያልደረሱበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም ነበርና። ወይዘሮ ዘነቡ መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ ልጄ ግንባር ሆኖ በወታደር ላይ አላሟርትም አሉ። መምህሩ ከድራማው መጨረሻ ቤተሰቦች ለወታደር ልጆቻቸው የላኩት ሰላምታ እንደሚነበብ ሲነግሯቸው ግን ፈትሉን አቆሙ። «ይሰማዋል?» ብለው ጠየቁ። መምህሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ሬዲዮ ማን ጆሮ እንደሚደርስ አይታወቅም አሉ። ስለ ዓይናቸው ሲነሣም ወይዘሮ ዘነቡ ራሳቸው መለሱ፦ ሬዲዮ የሚፈልገው ድምፅ ነው፣ እንባ አያሳይም።

አልቃሽ ለቅሶ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ የምትሠራው ማልቀስ አይደለም፤ መጠየቅ ነው። ሐሙስ ዕለት ግድግዳው ሁሉ ድምፅ እንዳያስተጋባ በባና ብርድ ልብስ በተሸፈነው ጠባብ ክፍል ውስጥ ወይዘሮ ዘነቡ ከማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጠው፣ ሟቹ የማን ልጅ ነው፣ ምን ጀምሮ ሳይጨርስ ቀረ ብለው መምህሩን ጠየቁ። መምህሩ ወረቀታቸውን አገላብጠው ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ጀግናም ነው አሉ። «ጀግናማ ሁሉም ጀግና ነው» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ፤ «በጀግንነት ብቻ አይለቀስም። ልጁ በምን ይታወቃል?» መምህሩ ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ያን ጊዜ ጽዮን ከጥግ፣ ሳታስበው፣ «ግራኝ ነው» አለች። «በሩን እንኳ በግራ እጁ ነው የሚከፍተው። አንድ ክረምት ከጓሳ ሲመለስ ግልገል በጋቢው ጠቅልሎ አመጣ፤ እሱ ራሱ በብርድ ከንፈሩ ጠቁሮ።» ወይዘሮ ዘነቡ ጥቁሩን መነጽራቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። «ከምታውቂው ነው የምትሰጪኝ» አሉ፤ «ሌላ ወታደር ከየት ታውቂያለሽ! ይሁን።» ልጃቸውን ክፉ እንዳይነካው ወደ መሬት ሦስት ጊዜ እንትፍ እንትፍ አሉና ጀመሩ።

ግራ እጁን ዘርግቶ፣ በሩን የሚከፍት፣
ማን ይግባ ከእንግዲህ፣ ደጄ ሆኖ ክፍት።
ግልገል በጋቢ አቅፎ፣ ከጓሳ የመጣ፣
ለራሱ ምን ለብሶ፣ ከምሽጉ ወጣ።

የቀረጻውን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ጎልማሳ ፊቱን ወደ ባናው አዞረ። ጽዮን ወደ ውጭ ወጥታ፣ ከጣቢያው ጓሮ ከተከመረ ቆርቆሮ አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ ወንድሟ ከሞተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ አለቀሰች። ያዩዋት ሁሉ የእናቷ ሙያ ያስለቀሳት መሰላቸው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን እናትና ልጅ ብቻቸውን ሬዲዮው አጠገብ ተቀመጡ። ወይዘሮ ዘነቡ የክት ነጠላቸውን ለብሰዋል። ድራማው በተኩስ ጀመረ፤ ወታደሮቹ ከከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተመረጡ ልጆች ናቸው፣ ሲፎክሩ ድምፃቸው ይሰነጠቃል። «ይኼ ጥይት አይደለም፣ የባቄላ ቆሎ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ፤ እውነትም መምህሩ ተኩሱን ያስቀረጹት ባቄላ በብረት ምጣድ ላይ እያፈነዱ ነበር። ወታደሮቹ ስለ ቤታቸው ያወራሉ፣ አንድ ሲጋራ ይካፈላሉ፣ ስለ አንዲት ልጅ ይቀላለዳሉ። ከዚያ ወንዳፈራሁ ቁስለኛ ጓደኛውን ሊያወጣ ከምሽጉ ዘሎ ወጣና ባቄላው ፈነዳ። ዝምታ ሆነ፤ በዝምታው ውስጥ የወይዘሮ ዘነቡ ድምፅ መጣ። ወይዘሮ ዘነቡ የራሳቸውን ድምፅ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ የሌላ አልቃሽ ሙያ እንደሚመዝን ሰው፣ በጥሞና አዳመጡት። ሲያበቃ፣ «አላፈርኩም» አሉ። ቀጥሎ ይነበባል ብለው የጠበቁት ሰላምታ ግን አልተነበበም፤ አስተዋዋቂዋ በሰዓት ጥበት ምክንያት የቤተሰብ ሰላምታዎች በአሥራ ሁለት ሰዓቱ ድጋሚ ሥርጭት እንደሚቀርቡ ተናገረች። ወይዘሮ ዘነቡ ትንሽ ቅር አላቸው፤ ወዲያው ግን፣ «ይሻላል፤ ወታደርም ሲመሽ ነው የሚያርፈው፤ ያን ጊዜ ይሰማል» ብለው ፈትላቸውን አነሱ።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሻው ጮኸ። ጽዮን ከውጭ የብዙ ሰው እግር ሰማች፤ እግሩ እየቀረበ ሲሄድ ወሬ የሚባል ግን የለበትም። በሩን ገርበብ አድርጋ አየች። አቶ መኳንንት ከፊት ናቸው፤ ከጎናቸው የንስሐ አባቱ፤ ከኋላቸው ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ሀስና ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ጎረቤታቸው አየለች ወገቧን ታጥቃ። በሀስና ድምፅ ማጉያ መናኸሪያው ሁሉ ሰምቷል፤ ግማሹ ድራማውን ከመሐል የሰማ ነው፤ የወይዘሮ ዘነቡን ድምፅ አውቋል፣ ግራኙንና ግልገሉን አውቋል። ለእናቱ አንዱ ነግሯታል፣ እርሷም በሬዲዮ ለልጇ እያለቀሰች ነው ተባለ። ጽዮን ወደ አጎቷ ሮጠች፤ «አልተነገራትም፤ ቲያትር ነው» ብላ ሹክ ለማለት እጃቸውን ስትይዝ፣ አየለች ከግቢው መሐል ደረቷን መትታ ጮኸች።

«አስቻለውን! ወየው የኔ ጌታ፣ አስቻለውን!»

ወይዘሮ ዘነቡ እንዝርታቸውን እንደያዙ ወደ ደጃፉ ወጡ። ሕዝቡን አዩ። ከዚያ ሳቁ፤ ጽዮን እድሜ ልኳን የማትረሳውን ከልብ የመጣ ሳቅ ሳቁ።

«ምን ነካችሁ ጎበዝ! ቲያትር እኮ ነው! የሞተው የመምህር አፈወርቅ ልጅ ነው፣ የወረቀት ልጅ። ይቺ ልጅ አልነገረቻችሁም እንዴ? እኔ ልኬያት ነበር! የኔማ ልጅ ደህና ነው። በሉ ግቡ፤ መቼም ደክማችኋል፣ ጠላ ቅመሱ።»

ማንም አልሳቀም። የአየለች ጩኸት እንደ ተቆረጠ ገመድ በመሐል ቀረ። አቶ መኳንንት ወደ ጽዮን ተመለከቱ፣ ከዚያ ወደ መሬት። ሀስና ከድንጋዩ ካብ ሥር ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። ወይዘሮ ዘነቡ ሳቃቸው ከፊታቸው ሳይጠፋ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡ።

«አየለች፣ ነጠላሽን አስተካክዪ እንጂ። ስሕተት ነው እያልኩሽ!»

አየለች እጇን ወደ ነጠላዋ ዘረጋች፤ ጫፉን ያዘች፤ መልሳ ለቀቀችው። ወይዘሮ ዘነቡ አንድ በአንድ ሴቶቹን አዩ። በአዲሱ ዓይናቸው ከግቢው በር እስከ ደጃፉ ድረስ እያንዳንዷን ነጠላ አዩ፤ ሁሉም እንደ ተዘቀዘቀ ነው። ሠላሳ ዓመት በየለቅሶ ቤቱ የሰውን ፊት ሲያነቡ ኖረዋል፤ የተሳሳተ ሰው ፊትና ሲደብቅ የተያዘ ሰው ፊት አንድ እንዳልሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። መነጽራቸውን አወለቁና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ግራኝ ነው አልሽኝ» አሉ።

«እማዬ…»

«መቼ ነው?»

የመለሱት አቶ መኳንንት ነበሩ። «እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ለዓይንሽ ብለን ነው።»

«ለዓይኔ» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ። እንዝርቱ ከእጃቸው ወድቆ ክሩን እየተረተረ እስከ ወንድማቸው እግር ድረስ ተንከባለለ፤ ማንም ጎንበስ ብሎ አላነሣውም።

ወደ ውስጥ አስገቧቸው። ቤቱ ሞላ፤ የተረፈው በግቢው በድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፎቶግራፉን ከግድግዳው አወረዱና ከፊታቸው አኖሩት። ሴቶቹም ጠበቁ። በዚህ አገር ለቅሶ የሚከፍቱት ወይዘሮ ዘነቡ ናቸው፤ እሳቸው ባሉበት ቀድሞ ቃል የሚያወጣ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ወይዘሮ ዘነቡ ግን አልከፈቱም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸው ደርቆ፣ ፎቶግራፉ ላይ ያለውን ጠባሳ ያያሉ። የንስሐ አባቱ ጸሎት አድርሰው ጨረሱ። የከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወጣች። አየለች መታገሥ አቅቷት፣ «እንባሽን አውጪው፣ እቴ፤ ውስጥ ይገላል» አለች።

«ምን ልበለው?» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ። «ያለኝን ሰጥቼ ጨረስኩ። ግራ እጁንም ግልገሉንም፣ ሁሉንም ለዚያ ለመምህሩ ልጅ ሰጠሁት። ለኔ ልጅ ምን ቀረው?»

ጽዮን ከእግራቸው ሥር ተደፍታ፣ «እኔ ነኝ፣ እማዬ፤ እኔ ነኝ» ትላለች። እናቷ አላባረሯትም፤ እጃቸውንም አልዘረጉላትም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ባቄላው ፈነዳ። ስምንት ሰዓት ላይ ከተከፈተ ወዲህ ሬዲዮውን የዘጋው ሰው አልነበረም፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከመደቡ ጥግ ዝግ ባለ ድምፅ ለራሱ ሲያወራ ቆይቷል። አቶ መኳንንት በቁጣ ተነሥተው እጃቸውን ሰደዱ።

«ተወው፣ ወንድም ጋሼ» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ። «ጽዮን፣ ድምፁን ከፍ አድርጊው።»

ጽዮን ከፍ አደረገችው። ልጆቹ ፎከሩ፣ ሲጋራቸውን ተካፈሉ፣ ወንዳፈራሁ ከምሽጉ ወጣና ወደቀ። ከዚያ ሙሾው መጣ። መጀመሪያ አየለች ተቀበለችው፤ ቀጥሎ ሌሎቹ፤ ግራ እጁን የሚለው ስንኝ ላይ ሀስና ጭንቅላቷን ይዛ ጮኸች፤ በግቢው የነበሩት ወንዶች ተነሥተው ቆሙ፤ በሬዲዮው ድምፅ እየተመራ ቤቱ በሙሉ ለአስቻለው አለቀሰ። ወይዘሮ ዘነቡ ብቻ ዝም አሉ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ልክ እንደ ቅድሙ፣ ያዳምጡ ነበር።

ለቅሶው ሲያበቃ አጭር ሙዚቃ ሆነ፤ ከዚያም የአስተዋዋቂዋ ለስላሳ ድምፅ ወረቀት እያገላበጠ መጣ።

«ወይዘሮ ዘነቡ፣ ለልጃቸው ለአሥር አለቃ አስቻለው። ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ እኅትህም ደህና ናት። ገብሱ ዘንድሮ ደህና ነው። ዓይኔ ተገልጧል። ባለፈው ስትመጣ በደንብ አላየሁህም፤ አሁን ስትመጣ አይሃለሁ፤ ይላሉ።»

አስተዋዋቂዋ ወረቀቱን ገልጣ ወደሚቀጥለው ስም አለፈች።